ውኃ የተዘጋበት እንጨት

ቂርያት ጋት ባሕር የላትም። ከአስቀሎና ጠረፍ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ መሀል አገር ገባ ብላ፣ በለኪሶ ሜዳ ላይ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቆረቆረች ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የምትታወቀው ቀድሞ በስኳርና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ፣ አሁን ደግሞ በኢንቴል ቺፕ ማምረቻዋ፣ በእኛ ዘንድ ከጎንደር ወገን በመጡ ነዋሪዎቿ ነው እንጂ በመርከብ አይደለም። ስሟን ግን ያገኘችው ከባሕር ሰዎች ከተማ ነው። በዳርቻዋ ያለው ቴል ኤራኒ የተባለው ጉብታ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጌት» የምትባለው የጎልያድ አገር ነው ተብሎ ታምኖ ነበር፤ ስሙ የወጣውም በዚያ እምነት ነው። ኋላ ቁፋሮው ሐሳቡን አላጸናውም፤ ሊቃውንቱም ጌትን ከዚያ ሰሜን ቴል ጻፊት ላይ አገኟት። ስሙ አንዴ ወጥቷልና ቀረ። የጌት ነዋሪዎች የነበሩት ፍልስጥኤማውያን ደግሞ በባሕር ተሻግረው ከመጡት ሕዝቦች ወገን ናቸው፤ የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ 3ኛ በመዲነት ሀቡ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸው የባሕር ውጊያ ከነጀልባዎቻቸው ያሳያቸዋል። ስለዚህ በዚህች ደረቅ ሜዳ ላይ ስለ ጀልባ ማውራት መስሎ የሚታየውን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ የሚታደሰው ወደብ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በሳንቃ የተሠራ ጀልባ ከውኃ ርቆ ከከረመ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ሳንቃውና ሳንቃው ይሸሻሉ፤ መልሰው ውኃ ላይ ሲያወርዱት መጀመሪያ ያፈስሳል፣ ቀስ በቀስ ግን እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ክፍተቱ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ጀልባ ውኃ ዳር ይኖራል፤ አናጺውም አብሮት ውኃ ዳር ይኖራል። ፋይበር ግላስ ይህን ዝምድና በጠሰው። ቀላል ነው፣ መጋጠሚያ የለውም፣ በጋሪ ተጭኖ ከመኪና ኋላ ይጎተታል፣ ዓመቱን ሙሉ ከባሕር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ አይሰነጠቅም። ጥገናውም ከአናጺው እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ግቢ ገባ። ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮ ገባ፤ እንጨትን የሚገድለው ውኃ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ከሸፈኑት አይሞትም የሚል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። እንጨትን ውኃ ብቻውን አይገድለውም። የሚገድለው ከውኃና ከጥቂት አየር ጋር አብሮ ሲዘጋበት ነው። የጀልባ ታሪክ፣ የጣናውም የገሊላውም፣ ይህንኑ ይመሰክራል።

ፋይበር ግላስ የመጣው ከጀልባ ሠሪዎች አይደለም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የኦወንስ ኮርኒንግ ሰዎች መስታወትን በርካሹ እንደ ክር መሳብ ቻሉ፤ በዚያው አሥር ዓመት ፖሊስተር ሬዚን የሚባለው ሲደርቅ የሚጠጥር ማጣበቂያ ተገኘ። በ1942 ሬይ ግሪን የተባለ ሰው በኦሃዮ ግዛት፣ ቶሊዶ ከተማ፣ ሁለቱን አገናኝቶ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ገበያ ሆነ። አንድ ቅርጽ ከተዘጋጀ ከዚያ መቶ ጀልባ ማውጣት ይቻላል፤ እንጨት ጠራቢ አያስፈልግም፣ የመስታወቱን ጨርቅ በሬዚን አርሶ የሚለጥፍ ሠራተኛ ይበቃል። በ1959 የፒርሰን ወንድማማቾች ትራይተን የተባለችውን ጀልባቸውን ኒው ዮርክ ትርኢት ላይ ሲያቀርቡ ዘመኑ የፋይበር ግላስ መሆኑ ተረጋገጠ። ገዢው የተነገረው ይህ ጀልባ አይበሰብስም ተብሎ ነው።

ግማሹ እውነት ነበር። መስታወት አይበሰብስም። ነገር ግን የመስታወቱ ቆዳ ስስ ነው፣ ሲጫኑት ይለምጣል፤ ማደንደኛ ይፈልጋል፤ በክብደቱም በዋጋውም ተመጣጣኙ ማደንደኛ እንጨት ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ድርብ ኮምፔንሳቶ ተቀበረ፤ ከወለሉ ሥር በጀልባው ርዝመት ልክ የእንጨት ወራጆች ተዘርግተው በመስታወት ተሸፈኑ፤ በላይኛው ወለል መሀል ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት እንደ ሳንድዊች ተጣበቀ። ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጭቃው ከተመረገ በኋላ ማገሩ አይታይም፤ ቤቱን ያቆመው ግን ማገሩ ነው። የጎማ ጀልባ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤተ እስራኤል ስደተኞች ከሱዳን የቀይ ባሕር ጠረፍ በሌሊት በጎማ ጀልባ እየተጫኑ «ባት ጋሊም» ወደተባለችው የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ይወሰዱ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ጀልባዎች ሞተራቸውን የሚሸከሙት በኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ጎማው ይንሳፈፋል፣ የሚገፋውን ጉልበት የሚችለው እንጨቱ ነው።

መበስበስ ማለት ፈንገስ እንጨቱን ሲበላው ነው። ፈንገስ ውኃ፣ አየርና ምግብ ይሻል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ስጋት የለም፤ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ፣ ማለትም የእንጨቱ ሕዋስ ግድግዳ ውኃ ጠጥቶ ሲሞላ፣ ድግሱ ይጀምራል። አንዲት ቪት ወስደን እንመልከት። ባለቤቱ በጀልባው ጀርባ ላይ መውጫ መሰላል ሊያስር ፈለገ፤ በትራፓኖ አራት ቀዳዳ በሳ፣ ትንሽ ማስቲሽ ቀባ፣ ቪቶቹን አጠበቀ። ማስቲሹ በጥቂት ዓመት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ በዘነበ ቁጥር ውኃው የቪቷን ጥርስ ተከትሎ እየዞረ ይገባል። መግቢያ አገኘ፤ መውጫ ግን የለውም፣ በግራም በቀኝም የመስታወት ቆዳ ዘግቶታል። አየሩ ለፈንገሱ ይበቃዋል፤ እንጨቱን ለማድረቅ ግን አይበቃም። ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ እንዳማረበት ነው፤ ውስጡ ጠቁሮ፣ የረጠበ ቅጠል እየሸተተ፣ በጣት እንደሚፈረፈር እንጀራ ሆኗል። በመዶሻ እጀታ ሲመቱት ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ጨው ፈንገስን በመጠኑ ይገታል፤ የባሕር ውኃ ከዝናብ ውኃ ይልቅ ለእንጨት ደግ ነው። ስለዚህ ጀልባውን በብዛት የሚያበሰብሰው ከታች የሚያገኘው ባሕር ሳይሆን ከላይ የሚወርድበት ጨው የሌለው ውኃ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት አፉን ከፍቶ ግቢ ውስጥ የቆመ፣ ወለሉ ላይ የዝናብ ኩሬ የተኛበት ጀልባ፣ በዚያው ጊዜ አስቀሎና ወደብ ላይ ከሚንገላታው ይልቅ ለመበስበስ የቀረበ ነው። ከባሕር የራቀች ከተማ ለጀልባ መሸሸጊያ ትመስላለች፣ አይደለችም።

ይህን እውቀት ኢትዮጵያ ውስጥ የቤት ሠሪ ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ምሰሶ ከጊዜ በኋላ ሲነቀል የት እንደተበላ ይታያል። ጫፉ፣ ጥልቁ ውስጥ የነበረው፣ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ከመሬት በላይ ያለውም ደኅና ነው። የሚሳሳው አፈርና አየር በሚገናኙበት በቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ሰዎች የምሰሶውን ሥር በእሳት የሚለበልቡት፣ በከተማ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡት፣ በተለይ ለዚያች ስንዝር ተኩል ያህል ቦታ ብለው ነው። ምስጥ የለም ወይ የሚል ይኖራል፤ አለ፣ በቆላው ከፈንገስ ይብሳል፤ እሱም ቢሆን የሚወደው የረጠበውንና የተሸሸገውን ነው። በተቃራኒው ላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ የተሠራችውን የ12ኛው ምዕተ ዓመት የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። ግድግዳዋ በእንጨትና በድንጋይ እያፈራረቀ የተደረደረ ነው፤ ዝናብ አይደርስባትም፣ አየር ያገኛታል፤ እንጨቱ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆመ። በደብረ ዳሞ ግድግዳ ላይም የወራጆቹ ጫፍ ከድንጋዩ አልፎ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። ጫፉን ያላፈነ ግንበኛ ለውበት ብቻ ያደረገው ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ጣና ላይ ደግሞ ጉዳዩ እስከ ጥጉ ተሂዶበታል። የጣና ታንኳ በደንገል የሚታሰር ነው፤ ሳንቃም ሚስማርም ሬዚንም የለውም። ነቢዩ ኢሳይያስ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር ሲናገር የደንገል ጀልባ ማንሳቱ፣ ሥራው ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያሳያል። በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው፤ እንደ ቤተ እስራኤል አንጥረኞች ሁሉ በሙያቸው ተፈልገው በሙያቸው የተናቁ ሕዝብ። ታንኳው ሲሄድ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ከጉዞ ሲመለስ ተጎትቶ ከውኃ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ዕድሜው ወራት ነው፣ ቢበዛ ዓመት ቢሆነው ነው። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥር ሰው አንድ ነገር ይስታል። ታንኳ ሠሪው ደንገሉ እንደሚረጥብ አውቆ፣ የሚደርቅበትን መንገድ ክፍት ትቶ ይሠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጣና ላይ የሞከሩትም በዚሁ ደንገል ነው። እስረኛ ሆኖ የቆየው ሐኪሙ ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ከታች ደንገል፣ ከላይ የእንጨት ወለል፣ በጎንና በጎን በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ያላቸው ትላልቅ ጀልባዎች አሠርተው የእንፋሎት መርከብ ሊያስመስሉ ሞክረዋል። ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጠ ንጉሥ ጣና ላይ ሲደርስ ከወይጦዎቹ ደንገል የተሻለ ነገር አላገኘም።

የደንገሉ ብርታት በዓለም ፊት የተፈተነው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ጊዛ ፒራሚዶች ሥር ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው፤ ያሰሩለት ሰዎች የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። ደንገሉ ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት እንኳ አይቆይም ያሉ ነበሩ። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነሥታ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ነው የተተወችው፤ ለዚያም ያበቃት የደንገሉ መበስበስ ሳይሆን ኋላዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ገመድ ባለመኖሩ ጀርባዋ መዝቀጡ ነው። በማግሥቱ ዓመት «ራ 2» ተስተካክላ ታሰረችና በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። የፋይበር ግላስ ጀልባም የሚሞተው በዚያው በኩል ነው፣ ሸክሙን በሚይዘው ጀርባ።

ለክርክሬ ትልቁ ምስክር ግን ከቂርያት ጋት በመኪና ጥቂት ሰዓት ርቆ፣ ጌንሴሬጥ በሚባለው የገሊላ ባሕር ዳር ተቀምጧል። በጥር 1986 ድርቅ ውኃውን ባሸሸው ጊዜ፣ የጊኖሳር ኪቡጽ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሞሼና ዩቫል ሉፋን፣ ጭቃው ውስጥ የጀልባ ቅርጽ አዩ። አርኪዮሎጂስቱ ሼሊ ዋክስማን የመራው ቡድን ሐይቁ ተመልሶ ሳይሞላ ሌት ተቀን ቆፍሮ፣ 12 ቀን ያህል ፈጅቶ አወጣው። ርዝመቱ 8.2 ሜትር፣ ወርዱ 2.3 ሜትር፣ ዕድሜው ወደ ሁለት ሺህ ዓመት። ሁለት ሺህ ዓመት ውኃ ውስጥ! ውኃ እንጨት ይገድላል የሚል ሰው ለዚህ ጀልባ መልስ የለውም። የዳነው ደለሉ አየሩን ስለዘጋበት ነው፤ ፈንገሱ ምግቡም ውኃውም ሞልቶለት ትንፋሽ አጣ። አደጋው የጀመረው ከጭቃው ወጥቶ አየር ባገኘ ዕለት ነው።

ይህ ጀልባ ሌላም የሚያስተምረው ነገር አለ። ከአንድ ዛፍ አልተሠራም። ሳንቃዎቹ በአብዛኛው የሊባኖስ ዝግባ፣ የጎን አጥንቶቹ በአብዛኛው ባሉጥ ናቸው፤ ነገር ግን በጠቅላላው 12 ዓይነት እንጨት ተገኝቶበታል። አኻያ አለበት፣ የቆላችን ቁርቁራ አለበት፣ ሾላም አለበት። የታችኛው አከርካሪው የፊት ክፍል ደግሞ ከሌላ፣ ከእሱ ከሚቀድም ጀልባ የተነቀለ አሮጌ እንጨት ነው። የዚህ ጀልባ ባለቤት ድኻ ሳይሆን አይቀርም፣ አናጺው ግን አዋቂ ነበር። ያገኘውን እንጨት እየቀጠለ፣ የተበላውን እየነቀለ፣ ረጅም ዘመን አሠራው፤ ያን ማድረግ የቻለው እያንዳንዱ ቁራጭ ስለሚታይና ስለሚነቀል ነው። የእኛ ማረሻም በዚህ መንገድ ነው የሚኖረው። ድግሩ ሲያልቅ ድግሩ፣ እርፉ ሲሰበር እርፉ ይለወጣል፤ በወገልና በጠፍር እንጂ በኮላ አልተያያዘምና። አንድ ገበሬ አንድ ዕቃ ዕድሜውን ሙሉ ያርስበታል፣ በውስጡ ግን መጀመሪያ የነበረ እንጨት አይኖርም ይሆናል። የጊኖሳሩን ጀልባ ከጭቃው ወደ ማቆያው ሲያጓጉዙት፣ ሰዎቹ ውስጡን በፋይበር ግላስ አጥንት ደግፈው ዙሪያውን በፖሊዩሬቴን አረፋ ሸፈኑት፤ እንደዚያ ሆኖ ተንሳፈፈ። ከዚያ ውኃውን በሰም መሰል ኬሚካል ለመተካት በገንዳ ውስጥ ዓመታት ተቀመጠ፤ ለሕዝብ በቋሚነት የታየው በ2000 ነው። ፋይበር ግላሱ እዚያ ያገለገለው እንጨቱን ሊደግፍ ነው፣ ሊያፍነው አይደለም።

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ይቀድመኛል። ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም ቅጥራን እንዲለቀልቅ ታዟል፤ የሙሴ እናትም የደንገሉን ሣጥን በዝፍትና በቅጥራን መርጋለች። እንጨትን በሁለት በኩል መድፈን ስህተት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልዳኑ ነበር። መልሱ ጊዜ ነው። የኖኅ መርከብ ከአንድ ዓመት ጥቂት ቀን በላይ አላገለገለም፤ የሙሴ ሣጥን አንድ ቀን እንኳ አልሞላትም ይሆናል። ቅጥራን ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚታደስ ልባስ ነው፤ ጀልባ ሠሪዎች በየወቅቱ ፍቀው ይቀቡት ነበር። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን አንዴ ተዘግቶ ሠላሳ ዓመት እንዲቆይ ነው የሚጠበቅበት፣ በመሀሉም ባለቤቱ ቀዳዳ ይበሳበታል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ይከብዳል፤ ኢፖክሲ የሚባል ሌላ ሬዚን አለ። ጎዥን የተባሉ የሚቺገን ወንድማማቾች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንጨትን ሙሉ በሙሉ በኢፖክሲ እያረሱ ጀልባ ሠርተው አሳይተዋል፤ ሬዚናቸውም ለቤት ውስጥ ሠሪው እስኪደርስ ተስፋፍቷል። ኢፖክሲ ከፖሊስተር ይልቅ እንጨት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ እርጥበትም በዝግታ ነው የሚያሳልፈው። ታዲያ መድፈን ሠራ ማለት አይደለም? ሠርቷል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። እንጨቱ ሲደፈን ደረቅ መሆን አለበት፣ ስድስቱም ፊቱ መደፈን አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚበሳ ቀዳዳ ሁሉ ራሱን ችሎ መደፈን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከተዘለለ ኢፖክሲው የውኃውን እስር ቤት ከማጠናከር በቀር የሚፈይደው የለም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚወደው አቋራጭ፣ በበሰበሰው እንጨት ላይ ትናንሽ ቀዳዳ በስቶ ቀጭን ሬዚን ማፍሰስ፣ የማይረባው። ሬዚን ውኃ የጠጣ እንጨት ውስጥ አይዘልቅም፤ ላዩን ያደርቃል፣ ፈንገሱንም ከነመጠጡ ያሽግለታል። እንጨት ይቅር፣ አረፋና ድፍን ሬዚን ይግባ የሚሉም አሉ። አዳዲስ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ልክም ናቸው። ለግቢ ጠጋኙ ግን ኮምፔንሳቶ በመጋዝ ይቆረጣል፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ሸክም ይችላል፤ አረፋም ቢሆን ሲሰነጠቅ ውኃ ይጠጣል።

ስለዚህ ሥራው ከፍቶ ማውጣት ነው እንጂ ከላይ መሸፋፈን አይደለም። ሞተሩ ይወርዳል። የውስጠኛው የመስታወት ቆዳ ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ጠርዝ ቀርቶለት በአንድ ቁራጭ ይቆረጥና ይቀመጣል። የጠቆረው እንጨት በመሮ እየተፈለፈለ ይወጣል፣ ጤነኛ የሚመስለውም አንድ ጋት ያህል አብሮ ይሄዳል፤ ፈንገስ ዓይን ከሚያየው ቀድሞ ይጓዛልና። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ በዚህ የቂርያት ጋት ረጅምና ዝናብ የለሽ በጋ ባለውለታ ነው። አዲሱ ኮምፔንሳቶ በካርቶን ልክ ተወስዶ ይቆረጣል፤ ለቤት ዕቃ የሚሸጠው አይሆንም፣ ኮላው ውኃ የማይፈታው መሆን አለበት። ጠርዙ ብዙ ይጠጣልና ደግሞ ደጋግሞ ይቀባል። አንድ ረቂቅ ነገር ደግሞ አለ። እንጨት ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይነፋና ኢፖክሲውን በአረፋ ይበሳሳዋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን አየሩ እየተሰበሰበ ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅብ የሚቀባው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። የተቆረጠው ቆዳ ሲመለስ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተዳፋት ሆኖ ይሞረዳል፤ ቆዳው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 36 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ለአሥራ ሁለት ማለት ነው። የመስታወት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ያለ ማስክ የሚሞርድ ሰው ከጀልባው ቀድሞ ራሱን ያበላሻል። ቪት የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፣ ሲደርቅ መሀሉ እንደገና በትክክለኛው ልክ ይበሳል። ያኔ ማስቲሹ ቢሰነጠቅም ውኃው የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው፣ እንጨት አይደለም።

ኮምፔንሳቶ፣ ትራፓኖ፣ ቪት የሚሉትን ቃላት አማርኛ ከጣሊያን አናጺ ነው የተዋሰው። መሮና መጋዝ ግን ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ጎንደር በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት ቤተ መንግሥት ስትሠራ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ፣ ከእነሱም በጅሮንድ ተብለው የተሾሙ ነበሩ። የዚያ እጅ ልጆች ዛሬ በዚህች ከተማ ሲኖሩ፣ እንጨት የሚያናግር ሰው ጠፋ ማለት ያስቸግረኛል። አሮጌ ጀልባ ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀለሙን ትታችሁ የመዶሻ እጀታ ይዛችሁ ጀርባውን አንኳኩ። ገዝታችሁ ግቢ ካስገባችሁት ደግሞ አፍንጫውን ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ሸራ ከላይ ጣሉበት፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ጎኑን ክፍት ተዉ፤ ከኋላ ታች ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ቡሽም ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ንቀሉት።